የከባድ መኪና ሞተር ከፊል እድሳት፦ መቼ ያዋጣል? መቼስ አያዋጣም?

የአንድ ወረዳ የልማት ዕቅድ በወረቀት ላይ የቱንም ያህል ተሟልቶ ቢዘጋጅ፣ ማዳበሪያና ምርጥ ዘር ከዝናቡ ቀድሞ አርሶ አደሩ ዘንድ ካልደረሰ፣ መድኃኒት በወቅቱ ጤና ጣቢያ ካልገባ፣ የተመረተው ሰሊጥና በቆሎም ገበያ ካልወጣ ተፈጻሚ ሊሆን እንደማይችል ይታወቃል። በዚህ ሰንሰለት ውስጥ ከፍተኛውን ድርሻ የሚይዘው የጭነት ተሽከርካሪ ነው። ተሽከርካሪው ሲቆም ሥራው አብሮ ይቆማል።

በቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል መተከል ዞን የሚገኘው የድባጤ ወረዳ ለዚህ አንድ ማሳያ ነው። ወደ ወረዳው የሚገባው ጭነት በአብዛኛው የሚመጣው በአማራ ክልል አዊ ዞን በምትገኘው በቻግኒ በኩል ሲሆን፣ መንገዱ ድባጤን አልፎ ወደ ቡለንና ወደ ወንበራ ይዘልቃል። የዞኑ ዋና ከተማ ግልገል በለስ ናት። የክልሉን ርዕሰ ከተማ አሶሳን ግን ታላቁ የዓባይ ወንዝ ከመተከል ይለያታል። በመሆኑም ሞተሩ የተበላሸ መኪና በቂ መሣሪያ ወዳለው ማሽን ሾፕ መድረስ ካለበት፣ አብዛኛውን ጊዜ በሌላ መኪና ተጎትቶ ወይም ተጭኖ ወደ ባሕር ዳር አልያም ወደ አዲስ አበባ መሄዱ ግድ ይሆናል። በ2013 ዓ.ም በመተከል ዞን በደረሰው የጸጥታ ችግር መንገደኞች ጭምር የጥቃት ሰለባ እንደነበሩ ሲታወስ፣ በመንገድ ላይ የቆመ መኪና ጉዳይ የወጪ ጉዳይ ብቻ ሳይሆን የሰው ሕይወት ጉዳይም መሆኑን መገንዘብ አያዳግትም።

ከዚህ ጋር በተያያዘ አሮጌ መኪናን በአዲስ የመተካቱ አማራጭ ከጊዜ ወደ ጊዜ እየጠበበ መጥቷል። በ2012 ዓ.ም የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ያገለገሉ ተሽከርካሪዎችን ከውጭ ማስገባት እጅግ ውድ እንዲሆን አድርጓል። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም ጀምሮ የብር የምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን መደረጉን ተከትሎም በውጭ ምንዛሪ የሚገዙ መለዋወጫዎች ዋጋ በብር ሲሰላ በእጅጉ ጨምሯል። ስለዚህም ብዙ ኪሎ ሜትር የተጓዘ ሞተር ያለው መኪና የያዘ መሥሪያ ቤት፣ ማኅበር ወይም ዩኒየን አንድ ጥያቄ ይገጥመዋል። ሞተሩ ሙሉ በሙሉ ይታደስ ወይስ በከፊል? ይህ ጽሑፍ በሙያው ላልተሠማሩ፣ ነገር ግን በወጪው ላይ ለሚወስኑና ለሚፈርሙ ኃላፊዎችና ሠራተኞች ጉዳዩን ለማብራራት የተዘጋጀ ነው።

ከፊል እድሳትና ሙሉ እድሳት

ሙሉ እድሳት ወይም በጋራዥ ቋንቋ ኦቨርሆል የሚባለው፣ ሞተሩን ከመኪናው አውርዶ እስከ መጨረሻው ብሎን መፍታትን ይጠይቃል። ብሎኩ ታጥቦ ይለካል፣ ክራንክ ሻፍቱ አስፈላጊ ከሆነ ይሞረዳል፣ ሲሊንደሮቹ ይቦረቦራሉ ወይም አዲስ ላይነር ይገባላቸዋል፣ ፒስተኖች፣ ፋሻዎች፣ ብሮንዚናዎችና ቫልቮች ይቀየራሉ። ሥራው በትክክል ከተከናወነ ሞተሩ ወደ አዲስነቱ የቀረበ ዕድሜ ያገኛል። በአንጻሩ ወጪው ከፍተኛ ነው፤ የሚወስደው ጊዜ ረጅም ነው፤ የትክክለኛ መለኪያና የማሽን አቅርቦትም የግድ ነው።

ከፊል እድሳት ደግሞ የሞተሩ መሠረታዊ አካል፣ ማለትም ብሎኩና ክራንክ ሻፍቱ ጤናማ መሆኑ በምርመራ ከተረጋገጠ በኋላ፣ በቀላሉ የሚያረጁትንና የሞተሩን አቅም የሚቀንሱትን ክፍሎች ብቻ መርጦ ማደስ ነው። የቫልቭ ክፍተት ማስተካከል፣ የናፍጣ ፖምፓንና ኢንጀክተሮችን አስፈትሾ ማስተካከል፣ ቴስታታውን አውርዶ ቫልቮቹን መግጨት፣ ጓርኒሲዮኖችንና የዘይት ማገጃ ጎማዎችን መቀየር፣ የውሃ ፖምፓን፣ ቴርሞስታትን፣ ቱቦዎችንና ቺንጊያዎችን መተካት በዚህ ሥር ይጠቃለላሉ። በሁለቱ መካከልም ሦስተኛ መንገድ አለ። ሞተሩ ከሻንሲው ሳይወርድ ከላይ ቴስታታው፣ ከታች የዘይት ገንዳው ተፈትቶ ፒስተን፣ ፋሻ፣ ላይነርና ብሮንዚና የሚቀየርበት አሠራር ነው። ይህ አሠራር በተለይ ላይነራቸው በቀጥታ ከውሃ ጋር ለሚገናኝና በቀላሉ ለሚወጣ ከባድ የናፍጣ ሞተሮች የተመቸ ነው።

እዚህ ላይ ሊሰመርበት የሚገባው ነጥብ፣ ከፊል እድሳት የሙሉ እድሳት ርካሽ ቅጂ አለመሆኑ ነው። ለሌላ ሁኔታ የሚሆን ሌላ ሥራ ነው። የተጎዳ ክራንክ ሻፍት ላይ የተደረገ ከፊል እድሳት ገንዘብን ሁለት ጊዜ ማውጣት ሲሆን፣ ጤነኛ ብሎክ ላይ የተደረገ ሙሉ እድሳትም ሳይበላሽ የነበረን ነገር ነካክቶ ማበላሸት ሊሆን ይችላል።

ኪሎ ሜትር ብቻውን አይፈርድም

በብዙ መሥሪያ ቤቶች ሞተር ይታደስ የሚል ጥያቄ የሚቀርበው የኪሎ ሜትር ቆጣሪውን ንባብ መነሻ በማድረግ ነው። ሆኖም ሞተር የሚያረጀው በጎማው ዙር ሳይሆን በራሱ ዙር ነው። በአስፋልት ላይ በአማካይ በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር እየሄደ 300 ሺህ ኪሎ ሜትር የሸፈነ መኪና ሞተሩ የሠራው 5 ሺህ ሰዓት ነው። በጠጠርና በጭቃ መንገድ፣ በዝቅተኛ ማርሽ፣ በአማካይ በሰዓት 25 ኪሎ ሜትር እየሄደ ተመሳሳይ ርቀት የሸፈነ መኪና ግን ሞተሩ 12 ሺህ ሰዓት ሠርቷል። በቆጣሪው ላይ ሁለቱ እኩል ናቸው። በሞተራቸው ውስጥ ግን አንዱ የሌላውን ከእጥፍ በላይ ዕድሜ ኖሯል።

የዚህ ተቃራኒም ይገጥማል። ዘይቱ በወቅቱ የተቀየረለት፣ የአየር ማጣሪያው የተጠበቀለትና ከልክ በላይ ያልተጫነ ሞተር ቆጣሪው ከፍተኛ ቁጥር ቢያሳይም ውስጡ ጤናማ ሆኖ ሊገኝ ይችላል። ስለሆነም ውሳኔው ከቁጥር ሳይሆን ከምርመራ መነሳት ይኖርበታል።

ከውሳኔ በፊት ምርመራ

የመጀመሪያው ምርመራ ምንም መሣሪያ የማይጠይቀው የጭስ ቀለም ነው። ጥቁር ጭስ የገባው ናፍጣ ከአየሩ መብዛቱን ያመለክታል፤ መንስኤው የታፈነ የአየር ማጣሪያ፣ የደከመ ኢንጀክተር ወይም ከመጠን በላይ የተከፈተ ፖምፓ ሊሆን ይችላል። ሰማያዊ ጭስ ዘይት እየተቃጠለ መሆኑን ያሳያል። ሞተሩ ከሞቀ በኋላ የማይጠፋ ነጭ ጭስ ደግሞ ያልተቃጠለ ናፍጣ ወይም ወደ ሲሊንደር የገባ ውሃ ምልክት ነው። ከሦስቱ ጥቁሩ ብዙውን ጊዜ በከፊል እድሳት የሚፈታ ችግር በመሆኑ፣ ጥቁር ጭስ ስላወጣ ብቻ ሞተር ማውረድ አይገባም።

ሁለተኛው የዘይት ፍጆታ መዝገብ ነው። ጤናማ የናፍጣ ሞተር የሚያቃጥለው ዘይት አብዛኛውን ጊዜ ከሚጠቀመው ነዳጅ 0.5 በመቶ አይበልጥም። ይህም ማለት ለ100 ሊትር ናፍጣ ከግማሽ ሊትር በታች ማለት ነው። አሽከርካሪው የጨመረውን ዘይት ካልመዘገበ ይህን ማወቅ አይቻልም። ዘይቱ በውጭ እየፈሰሰ ከሆነም ችግሩ የጎማ ማገጃና የጓርኒሲዮን እንጂ የፋሻ ላይሆን ይችላል።

ሦስተኛው የዘይት ግፊት ነው። ሞተሩ በደንብ ከሞቀ በኋላ፣ በዳሽቦርዱ መብራት ሳይሆን በሜካኒካል ጌጅ ሲለካ፣ በሙያው የተለመደው ግምታዊ ልኬት ለእያንዳንዱ 1 ሺህ ዙር 0.7 ባር ገደማ ነው። ግፊቱ ከዚህ በእጅጉ ካነሰ የብሮንዚናዎቹ ወይም የዘይት ፖምፓው መበላት ይጠረጠራል። በዚህ ጊዜ ወፍራም ዘይት ጨምሮ ጌጁን ከፍ ማድረግ በሽታውን መሸፈን እንጂ ማከም አይደለም።

አራተኛው የኮምፕሬሽን ልኬት ሲሆን ብዙ ስህተት የሚፈጸመውም በዚህ ላይ ነው። ልኬቱ ሞተሩ በሞቀበትና ባትሪው በተሞላበት ሁኔታ ሁሉም ሲሊንደሮች በየተራ እየተፈተሹ መወሰድ አለበት። ዋናው ቁም ነገር የቁጥሩ ከፍታ ብቻ ሳይሆን በሲሊንደሮቹ መካከል ያለው ልዩነት ነው። ለምሳሌ ከአራት ሲሊንደሮች ሦስቱ 24 ባር አሳይተው አንዱ 16 ባር ቢያሳይ ችግሩ የአንድ ቦታ ችግር ነው፤ የአንድ ቫልቭ አለመግጠም ወይም የአንድ ፋሻ መሰበር ሊሆን ይችላል። አራቱም እኩል ዝቅ ካሉ ግን አጠቃላይ እርጅናን ያመለክታል።

ይሁን እንጂ እኩል ዝቅ ማለታቸው ሁልጊዜ እርጅና ማለት አይደለም። የአምራቹ መጽሐፍ የሚሰጠው ቁጥር አብዛኛውን ጊዜ በባሕር ወለል ከፍታ የተለካ ነው። ከፍታ ሲጨምር የአየር ግፊት ስለሚቀንስ ሞተሩ የሚያምቀው አየርም በዚያው መጠን ይሳሳል። ከባሕር ወለል በላይ 1 ሺህ 500 ሜትር ላይ የአየር ግፊቱ ከባሕር ወለሉ 85 በመቶ ገደማ፣ በአዲስ አበባ ባለው 2 ሺህ 400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ደግሞ 75 በመቶ ገደማ ነው። በመጽሐፉ ላይ 28 ባር የተጻፈለት ጤነኛ ሞተር አዲስ አበባ ላይ ሲለካ 21 ባር አካባቢ ቢያሳይ አያስገርምም። ይህ ስሌት ሳይታሰብ ቀርቶ «ኮምፕሬሽኑ ወድቋል» በሚል ለሙሉ እድሳት የሚቀርብ ሞተር፣ ሳይታመም ቀዶ ጥገና የታዘዘለት ሰው ያህል ነው።

አምስተኛው ምርመራ ኮምፕሬሽኑ የት እንደሚያመልጥ የሚያሳየው ነው። ፒስተኑ ጫፍ ላይ፣ ሁለቱም ቫልቮች ዝግ ሆነው ሳለ በኢንጀክተሩ ቀዳዳ የታመቀ አየር ይገባል፤ ከዚያም ማዳመጥ ነው። አየሩ በጭስ ማውጫ ከተሰማ የጭስ ማውጫ ቫልቭ፣ በአየር ማስገቢያ ከተሰማ የአየር ማስገቢያ ቫልቭ፣ በዘይት መሙያው ከነፈሰ ፋሻና ሲሊንደር፣ በራዲያተር አረፋ ከፈጠረ ደግሞ የቴስታታ ጓርኒሲዮን ወይም ስንጥቅ ነው። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ቴስታታ በማውረድ ብቻ ያልቃሉ። ኮምፕሬሰር ያለው ማንኛውም ጋራዥ ይህን ምርመራ ሊያከናውን ይችላል።

ስድስተኛው የዘይት ናሙና የላቦራቶሪ ምርመራ ነው። በዘይቱ ውስጥ የብረት መጠን ሲበዛ የሲሊንደርና የፋሻ፣ የመዳብና የእርሳስ መጠን ሲበዛ የብሮንዚና መበላትን ያመለክታል። ሲሊከን መገኘቱ አቧራ መግባቱን፣ ሶዲየም ወይም ፖታሲየም መገኘቱ ደግሞ የማቀዝቀዣ ውሃ መቀላቀሉን ሊጠቁም ይችላል። ላቦራቶሪ በማይገኝበት ቦታ የዘይት ፊልትሮውን ቆርጦ ወረቀቱን በመዘርጋት የሚያብረቀርቅ የብረት ቅንጣት መኖሩን መመልከት ቀላል አማራጭ ነው።

አቧራና ውሃ፦ ሁለቱ ዋና ጠላቶች

በድባጤና በአካባቢው በበጋው ወራት የመንገድ አቧራ፣ በክረምቱ ደግሞ ጭቃና ጎርፍ ለሞተር ፈተና ናቸው። የመንገድ አቧራ በአብዛኛው ከብረት የሚጠነክር የአሸዋ ቅንጣት ያለበት ነው። በአየር ማጣሪያውና በሞተሩ መካከል ባለው ቱቦ ላይ ያለ አንዲት የጣት ስንጥቅ፣ ወይም ያልጠበቀች አንዲት ማሰሪያ፣ ማጣሪያውን ሙሉ በሙሉ ከንቱ ታደርገዋለች። በዚያ በኩል የገባው አቧራ ከዘይት ጋር ተደባልቆ ሲሊንደሩንና ፋሻውን እንደ ሞረድ ይፈገፍጋል። ስለዚህ ፋሻው ያለቀ ሞተር ሲገጥም የመጀመሪያው ጥያቄ «በየት ገባ?» የሚለው ሊሆን ይገባል። የአቧራው መግቢያ ሳይደፈን የገባ አዲስ ፋሻ አሮጌው የሄደበትን መንገድ በፍጥነት ይከተላል።

ሁለተኛው ራዲያተር ውስጥ የሚጨመረው የወንዝ ወይም የምንጭ ውሃ ነው። በውሃው ውስጥ ያለው ማዕድን ሲሞቅ ግድግዳው ላይ እንደ ጀበና ቅርፊት ይጋገራል፤ ሙቀቱም እንዳይወጣ ያግዳል። ከዚህም ሌላ በከባድ የናፍጣ ሞተሮች ላይ ላይነሩ በእያንዳንዱ ፍንዳታ ስለሚንቀጠቀጥ በውጭ ግድግዳው ላይ ጥቃቅን አረፋዎች ተፈጥረው ይፈነዳሉ፤ ብረቱንም ነጥብ በነጥብ እየቦረቦሩ በመጨረሻ ይበሱታል። ይህን የሚከላከለው በማቀዝቀዣው ውስጥ ያለው የጸረ ዝገት ንጥረ ነገር ነው። በቆላማ አካባቢ ውሃ የሚያረጋ ብርድ ስለሌለ አንቱፍሪዝ አያስፈልግም የሚለው አመለካከት ትክክል አይደለም። አንቱፍሪዝ ከበረዶ መከላከል በተጨማሪ ዝገትን ይከላከላል፤ የመፍላት ነጥብንም ከፍ ያደርጋል።

በከፊል እድሳት ምን ይሠራል?

ምርመራው ብሎኩና ክራንክ ሻፍቱ ጤናማ መሆናቸውን ካረጋገጠ በኋላ ሥራው በቅደም ተከተል መከናወን ይኖርበታል። ቅድሚያ የሚሰጠው ለአየርና ለነዳጅ ሥርዓቱ ነው። የአየር ቱቦዎች ይፈተሻሉ፤ ኢንጀክተሮችና ፖምፓው በመፈተሻ ማሽን ላይ ይለካሉ። የሚያንጠባጥብ ኢንጀክተር ናፍጣውን በጉም መልክ መርጨት ሲያቅተው በሲሊንደሩ ግድግዳ ላይ ያለውን የዘይት ሽፋን ያጥባል፤ ፒስተኑንም ያቃጥላል። አቅም ለማግኘት በሚል ፖምፓን ከልክ በላይ መክፈት ለጊዜው ጉልበት ቢሰጥም የሞተሩን ዕድሜ ይበላል።

ቀጥሎ የቫልቭ ክፍተት ይስተካከላል። ክፍተቱ በሞተሩ ዓይነት ይለያያል፤ በብዙ የናፍጣ ሞተሮች ከ0.2 እስከ 0.6 ሚሊ ሜትር ባለው ውስጥ ይገኛል። ትክክለኛው ቁጥር ከአምራቹ መጽሐፍ መወሰድ አለበት። ቴስታታ ከወረደ ደግሞ ጠፍጣፋነቱ በቀጥ ማስመሪያና በስስ መለኪያ ይረጋገጣል፤ ስንጥቅ መኖሩ በግፊት ይፈተሻል፤ ብሎኖቹም በታዘዘው ቅደም ተከተልና ጥብቀት በቶርክ መፍቻ ይታሰራሉ። በክንድ ግምት የታሰረ ቴስታታ በወራት ውስጥ ተመልሶ እንደሚወርድ በሙያው የታወቀ ነው።

የዘይት ገንዳው ሲወርድ ከብሮንዚናዎቹ አንድ ሁለቱን ፈትቶ ማየት ጠቃሚ ነው። በብሮንዚናና በክራንክ ሻፍት መካከል ያለው ክፍተት በመቶኛ ሚሊ ሜትር የሚቆጠር ስለሆነ በዓይን አይፈረድም፤ በመለኪያ ይረጋገጣል። ክራንክ ሻፍቱ ለስላሳና በልኩ ከሆነ ብሮንዚናዎቹን ብቻ ቀይሮ መዝጋት ይቻላል። ጥፍር ሲነካው የሚይዝ ጭረት ካለው ግን ጉዳዩ ከከፊል እድሳት አልፏል።

ፋሻ ብቻ የመቀየር ጉዳይም ጥንቃቄ ይሻል። ብዙ በሠራ ሲሊንደር ላይ ፋሻው የማይደርስበት የላይኛው ክፍል ሳይበላ ስለሚቀር ደረጃ ይፈጠራል። አዲሱ ፋሻ ይህን ደረጃ ሲመታ ይሰበራል። የሲሊንደሩ ግድግዳ እንደ መስታወት ከለሰለሰም አዲስ ፋሻ ሊቀመጥበት አይችልም። ስለዚህ ደረጃው መኖሩና የሲሊንደሩ ልኬት ሳይታወቅ «ፋሻ ብቻ ይግባለት» የሚል ውሳኔ መስጠት አይመከርም።

ሥራው የሚከናወንበት ጊዜና ቦታም የራሱ ድርሻ አለው። ሞተሩ ክፍት ሆኖ በበጋ ነፋስ ሜዳ ላይ ከዋለ እድሳቱ አቧራ የማስገቢያ አጋጣሚ ይሆናል። ሥራው በተዘጋ ቤት ውስጥ፣ ወለሉ ውሃ ተርከፍክፎበት፣ ክፍት ቀዳዳዎች በንጹሕ ጨርቅ ተሸፍነው ሊሠራ ይገባል። ማዳበሪያ የሚጓጓዘው ከክረምቱ በፊት፣ ምርት የሚጫነው ከመኸር በኋላ በመሆኑ፣ የጭነት ሥራ በሚቀዘቅዝባቸው በሐምሌና በነሐሴ ወራት እድሳቱን መርሐ ግብር ማስያዝ ከአቧራም ከሥራ መስተጓጎልም ያድናል።

ከፊል እድሳት የማይመከርባቸው ሁኔታዎች

ክራንክ ሻፍቱ የተጎዳ፣ ብሎኩ የተሰነጠቀ ወይም የላይነሩ መቀመጫ የተበላ፣ በዘይት ገንዳው ውስጥ የብረት ስብርባሪ የተገኘበት፣ በከፍተኛ ሙቀት የነከሰ፣ ሁሉም ሲሊንደሮች ከፍታው ተሰልቶም እንኳ እኩል ዝቅ ያሉበት ሞተር ከፊል እድሳት አይጠቅመውም። እንዲህ ዓይነቱ ሞተር ወይ ሙሉ በሙሉ ይታደሳል፣ ወይ ይቀየራል፣ ወይም ተሽከርካሪው በንብረት ማስወገድ ሥርዓት መሠረት ይወገዳል። ሻንሲው የተሰነጠቀ፣ ፍሬኑና መሪው አስተማማኝነት ያጣ መኪናም ሞተሩ ቢታደስለት ይበልጥ አደገኛ ይሆናል እንጂ አይሻሻልም። አቅሙ የተመለሰለት ሞተር የማይይዝ ፍሬን ያለውን መኪና በፍጥነት ወደ ገደል ይወስደዋል።

በሀገራችን ያለው ልምድ

አሮጌ ሞተርን አክሞ ማሠራት ለኢትዮጵያ መካኒኮች እንግዳ ነገር አይደለም። ቴስታታ፣ ፋሻ፣ ብሮንዚናና ጓርኒሲዮን የሚሉት የጋራዥ ቃላት ከጣሊያንኛ የመጡ ሲሆኑ፣ ሙያው በሀገራችን ምን ያህል ዘመን እንዳስቆጠረ ይመሰክራሉ። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ የተሠራውና ሕዝቡ «ትሬንታ ኳትሮ» የሚለው ፊያት፣ ከዚያም «ኤንትሬ» በሚል ስም የታወቀው ፊያት 682 በኢትዮጵያ ተራሮች ላይ ለአሥርት ዓመታት ያገለገሉት፣ የተበላሸውን ብቻ ለይቶ የሚጠግን እጅ ስለነበራቸው ነው። እ.ኤ.አ. በ1970 የተቋቋመው የአምቼ ፋብሪካም የጣሊያን ከባድ መኪናዎችን በሀገር ውስጥ በመገጣጠም ይህን ልምድ አጠናክሮታል።

በመተከልም በ1970ዎቹ መጨረሻ በጣሊያን መንግሥት ድጋፍ በፓዊ አካባቢ የተካሄደው የጣና በለስ ፕሮጀክት ከባድ ማሽነሪዎችን ወደ አካባቢው አስገብቷል። በ2003 ዓ.ም ግንባታው ተጀምሮ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም የተመረቀው የታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብም በቻግኒና በግልገል በለስ በኩል ወደ ጉባ በሚወስደው መንገድ ላይ ለዓመታት ከባድ መኪናዎችን አመላልሷል። ከእነዚህ ታላላቅ ሥራዎች የሚወሰደው ትምህርት፣ ማሽን ሲገባ የጥገና ዕውቀት፣ መለኪያና መለዋወጫ አብረው ካልገቡ ማሽኑ ከፕሮጀክቱ ዕድሜ በላይ እንደማይዘልቅ ነው።

የኃላፊዎች ድርሻ

በመንግሥት መሥሪያ ቤት ውስጥ የሞተር እድሳት ውሳኔ ቴክኒካዊ ብቻ ሳይሆን የግልጽነትና የተጠያቂነት ጉዳይ ነው። ገና ያልተፈታን ሞተር በአንድ ጥቅል ዋጋ ማወዳደር ለጋራዡም ለመሥሪያ ቤቱም የማይበጅ ነው። ጋራዡ ስጋቱን ለመሸፈን ዋጋውን ያስወድዳል፤ አልያም ርካሽ ዋጋ ሰጥቶ በኋላ «ተጨማሪ ተገኘ» ይላል። የተሻለው አሠራር ሥራውን በሁለት ደረጃ መክፈል ነው። በመጀመሪያው ደረጃ ለምርመራና ለልኬት ብቻ ውል ይገባል፤ ውጤቱም በቁጥር በጽሑፍ ይቀርባል። በሁለተኛው ደረጃ የእያንዳንዱ ሲሊንደር ኮምፕሬሽን፣ የዘይት ግፊትና የክራንክ ሻፍት ልኬት ታይቶ ሙሉ ወይም ከፊል እድሳት እንዲደረግ ይወሰናል።

በውሉ ውስጥ ሊካተቱ የሚገባቸው ነጥቦችም አሉ። የሚቀየሩት ዕቃዎች በስም፣ በብዛትና በሥሪት ይዘረዘሩ። የወለቁት አሮጌ ዕቃዎች ተቆጥረው ለንብረት ክፍል ይመለሱ። ዋስትናው በወርም በኪሎ ሜትርም ይገለጽ። ከሥራው በኋላ ያለው ልኬት ከሥራው በፊት ካለው ጎን ለጎን ይመዝገብ። ይህ የመጨረሻው ነጥብ ብዙ ጊዜ የሚዘነጋ ቢሆንም፣ የወጣው ገንዘብ ውጤት ማምጣቱን የሚያረጋግጠው ብቸኛ ማስረጃ እርሱ ነው።

የነዳጅ መዝገብም እንዲሁ ነው። በዓመት 30 ሺህ ኪሎ ሜትር የሚጓዝና በ100 ኪሎ ሜትር 28 ሊትር የሚጠቀም መኪና በዓመት 8 ሺህ 400 ሊትር ናፍጣ ይፈጃል። በኢንጀክተርና በቫልቭ ማስተካከያ ፍጆታው በ10 በመቶ ቢቀንስ 840 ሊትር ይተርፋል። የእድሳቱን ወጪ ከዚህ ጋር አነጻጽሮ ማየት የሚቻለው ግን አስቀድሞ የተያዘ መዝገብ ሲኖር ነው።

ከእድሳት በኋላ ያሉት የመጀመሪያዎቹ ሳምንታትም ክትትል ይሻሉ። አዲስ ፋሻ ወይም ብሮንዚና የገባለት ሞተር ለመጀመሪያዎቹ 1 ሺህ ኪሎ ሜትር ገደማ ሙሉ ጭነት ባይጫንበት፣ ቆሞ ለረጅም ሰዓት ባይሠራ፣ ከዚያም ዘይቱና ፊልትሮው ቢቀየር ዕድሜው ይረዝማል። አሽከርካሪው የዘይትና የውሃ መጠን በየዕለቱ ጠዋት አይቶ እንዲፈርም ማድረግ ምንም ወጪ የማይጠይቅ፣ ነገር ግን ትልቁን ወጪ የሚያስቀር አሠራር ነው።

በአጠቃላይ ብዙ ኪሎ ሜትር የተጓዘ ሞተር ሁሉ የሞተ ሞተር አይደለም፤ የሚሠራ ሞተር ሁሉም ጤነኛ አይደለም። ሁለቱን የሚለየው ልኬት ነው። እንደ ድባጤ ባሉ፣ አንድ የጭነት መኪና የብዙ ቀበሌዎችን ተስፋ በሚሸከምባቸው አካባቢዎች፣ በምርመራ ላይ የተመሠረተ ከፊል እድሳት ውስን በጀትን በአግባቡ ለመጠቀምና ተሽከርካሪውን በሳምንታት ውስጥ ወደ ሥራ ለመመለስ ያስችላል። በመሆኑም የሚመለከታቸው የዞንና የወረዳ መሥሪያ ቤቶች የተሽከርካሪዎቻቸውን ሞተር ሁኔታ ከመጪው ክረምት አስቀድመው አስለክተው ቢመዘግቡ፣ ማዳበሪያው ከዝናቡ በፊት እንዲደርስ ከወዲሁ መንገድ እንደጠረጉ ይቆጠራል።